በግማሽ ተሠርቶ የቀረ የባቡር ፉርጎ ሞዴልን ማደስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ፤ ምሳሌዬ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የእንግሊዝ ፉርጎ ነው፣ ዓመቶቹም በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በግማሽ የተሠራ ኪት ሲባል ምን ማለት ነው?

ኪት ተበታትኖ በሳጥን የሚመጣ፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ሞዴል ነው። የመንገደኛ ፉርጎ ኪት ሁለት ጎን፣ ሁለት ጫፍ፣ ወለል፣ ጣሪያ፣ ወንበሮችና ከሥር የሚገቡ ሁለት ቦጊዎች አሉት። ቦጊ የሚባለው አራት መንኮራኩር ያለው ትንሽ ጋሪ ነው። ረጅም ፉርጎ በሁለት ቦጊ ላይ ይቀመጣል።

አንድ ሰው ይጀምረውና ይተወዋል። ልጅ ይወለዳል፣ ሥራ ይበዛል፣ ዓይን ይደክማል፤ አንዳንዴም ሰውየው ያርፋል። ሳጥኑ ጓዳ ውስጥ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ይቀመጥና አንድ ቀን የሞዴል ባቡር ኤግዚቢሽን ላይ ካሉት የአሮጌ ዕቃ ጠረጴዛዎች አንዱ ላይ ይወጣል። የእኔ የመጣው በጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። አንዱ ጎን ከወለሉ ጋር ተጣብቋል። ሌላው ጎን ዕቃዎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ቅርንጫፍ ገና አልተቆረጠም። ወንበሮቹ በጋዜጣ ተጠቅልለዋል።

አዲስ መግዛት እየቻልኩ ለምን በዚህ እለፋለሁ?

ብዙዎቹ የድሮ ኪቶች ዛሬ እንደ ልብ አይገኙም። አንዳንድ የፉርጎ ዓይነት ደግሞ ተሠርቶ ያለቀ ሞዴል ሆኖ ሱቅ ውስጥ አይሸጥም፤ በኪት ብቻ ነው የምታገኙት። የተጀመረ ኪት ካልተነካው ይረክሳል፣ ስለዚህ ለመማሪያ ጥሩ ነው። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። የሌላ ሰው እጅ የት ላይ እንደተቸገረ ስታዩ፣ መመሪያ ወረቀት የማይነግራችሁን ነገር ትማራላችሁ።

ሳጥኑን እንደከፈትኩ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ምንም አትቁረጡ፣ ምንም አታላቅቁ። መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፤ ከላይ፣ ከሥር፣ ከውስጥ። በኋላ "ይሄ ነገር በየት በኩል ነበር?" የምትሉበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ቀጥሎ ሁሉንም ነጭ ትሪ ላይ ዘርግፉ። ሳጥኑ ጥግ የቀረውን አቧራ እንዳትደፉት። በዚህ ልክ የበር እጀታ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። እኔ አቧራውን በሻይ ማጥለያ ነፋሁትና ሦስት የነሐስ የበር እጀታ አገኘሁ። ሦስቱንም ፉርጎው ላይ ተጠቅሜባቸዋለሁ።

ከዚያ ዕቃውን በሦስት ክምር ለዩት፦ ተሠርቶ ደህና የሆነ፣ ተሠርቶ የተበላሸ፣ ገና ያልተነካ። የጎደለውን ወረቀት ላይ ጻፉ። ይህን ለማድረግ አንድ ምሽት ይበቃል። ይህን ምሽት የዘለለ ሰው ሳምንት ሙሉ ዕቃ ሲፈልግ ይከርማል።

መመሪያውም ሳጥኑም ከጠፋ የየትኛው ፉርጎ ሞዴል እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

በማስመሪያ። በእንግሊዝ አገር በብዛት የሚሠራበት ልክ ኦኦ ይባላል። በእውነተኛው ፉርጎ ላይ 1 ጫማ የሆነው ሞዴሉ ላይ 4 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህም 1 ለ 76 ገደማ ነው። ስለዚህ የሞዴሉን ርዝመት በሚሊሜትር ለኩና ለ4 አካፍሉት። የሚወጣው የእውነተኛው ፉርጎ ርዝመት በጫማ ነው።

የእኔ 246 ሚሊሜትር ወጣ። ለ4 ሲካፈል 61 ጫማ ተኩል ነው። ይህ ልክ የሚታወቅ ነው። ናይጀል ግሬስሊ ከ1923 እስከ 1941 ዋና መሐንዲስ ለነበረበት ለለንደንና ሰሜን ምሥራቅ የባቡር ድርጅት ያሠራቸው ረጃጅም ፉርጎዎች በአብዛኛው ይህ ርዝመት ነበራቸው። ግሬስሊ በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሮጣ የእንፋሎት ባቡር ክብረ ወሰን የያዘችውን ማላርድን የነደፈው ሰው ነው። የፉርጎዎቹ ሌላ ምልክት ጫፋቸው ነው። ጣሪያው ወደ ጫፍ ሲደርስ እንደ ጉልላት ክብ ብሎ ይወርዳል። ጎናቸው ደግሞ በቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች የተከፋፈለ ነው።

ርዝመቱ ከታወቀ በኋላ በሮቹንና መስኮቶቹን ቁጠሩ፣ ከፎቶና ከንድፍ ጋር አስተያዩ። የእንግሊዝ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ የፉርጎ ዓይነት የዲያግራም ቁጥር ነበራቸው። ያንን ቁጥር ካገኛችሁ የቀረው ሁሉ ይቀላል።

የተጣበቀውን እንዴት ነው የማላቅቀው?

መጀመሪያ በምን እንደተጣበቀ እወቁ። መልሱ ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው በዚያ ላይ ነው። መጋጠሚያውን በማጉያ መነጽር ተመልከቱት። ቢጫ ብሎ እንደ ማር ክር የተጎተተ ነገር ካለ የድሮ የቱቦ ማጣበቂያ ነው። ምንም ምልክት የሌለው ንጹሕ መስመር ከሆነ ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚያዋሕድ ቀጭን ፈሳሽ ነው። ዙሪያው ነጭ ጉም ከለበሰ ሱፐር ግሉ ነው። ወፍራምና የሻይ ቀለም ያለው ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ነገር ተደባልቆ የሚደርቀው ማጣበቂያ ነው። እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው አናጺዎች የሚጠቀሙበት ኮላ ነው።

ኮላ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይለሰልሳል። ሱፐር ግሉ በብርድ ይሰባበራል። ሞዴሉን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት ቀስ ብላችሁ ጠምዘዝ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ጠቅ ብሎ ይለቃል። የቱቦ ማጣበቂያውም በስስት ከተቀባ በብርድ መጋጠሚያው ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀጭኑ ፈሳሽ ግን አይላቀቅም። ሁለቱ ፕላስቲኮች አንድ ሆነዋልና መለያ መስመር የላቸውም። እዚያ ላይ ያለው መፍትሔ ስስ ምላጭ መጋዝ ብቻ ነው።

የእኔ ፉርጎ አንዱ ጫፍ ተገልብጦ ነበር የተጣበቀው። ለማውጣት ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። መጀመሪያ በምላጭ ጫፍ መስመሩን ደጋግሜ ጫርኩት፤ ሳልጫን፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ። ጭረቱ መንገድ ሲሆን መጋዙ በራሱ ገባ። መጋዝ የበላው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ያንን በስስ የፕላስቲክ ቁራጭ ሞላሁት። ጉልበት የተጠቀመ ሰው ጎኑን ይሰብራል፣ የተሰበረ ጎን ደግሞ መልሶ አይገኝም።

አንድ ነገር አደራ፦ አሴቶን ሱፐር ግሉን ያሟሟል ብለው የሚመክሩ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ፕላስቲኩንም አብሮ ያሟሟዋል። የፕላስቲክ ኪት አጠገብ አታድርሱት።

የድሮውን ቀለም በምን ላስለቅቅ?

እኔ የምጠቀመው አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ክዳን ባለው የምግብ ዕቃ ውስጥ አድርጌ ፉርጎውን እነክረዋለሁ። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሲፈተግ ቀለሙ እየተላጠ ይወርዳል። በውሃ የሚቀጥን ቀለም ቶሎ ይለቃል፤ የዘይት ቀለም ግን ሁለተኛ ሦስተኛ ዙር ሊፈልግ ይችላል። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ እሳትና ሲጋራ አርቁ።

ሁልጊዜ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩት፤ የወለሉ ውስጠኛ ክፍል ጥሩ ነው። የመኪና ቀለም ቲነር በጭራሽ አይሆንም፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ያረጀ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አትፈግፍጉት። የግድ ከሆነ ውሃ እያስነካችሁ አድርጉት።

ጎኑ እንደ ቀስት ተጣሟል። ይቃናል?

ብዙ ጊዜ ይቃናል። የሚጣመምበት ምክንያት ሁለት ነው። አንዱ ሙቀት ያለበት ቦታ መቀመጥ ነው። ሌላው ማጣበቂያ ማብዛት ነው። ሁለት ፕላስቲክ ገጽ ለገጽ ተጣብቆ ፈሳሹ መሃል ሲታፈን፣ መውጫ አጥቶ ለወራት ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል።

ውሃ አሙቁ፣ ግን እንዳይፈላ፤ 70 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ጎኑን ለአንድ ደቂቃ ያህል አስገቡት፣ አውጡና ሁለት መስተዋት መሃል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። አንድ ጊዜ ካልበቃ ድገሙት። የፈላ ውሃ ግን መስኮቱን ሁሉ አዛብቶ ይሰጣችኋል። የቀረችው ትንሽ ጥመት የመንገደኛ ክፍሎቹን መከፋፈያ ግድግዳዎች ስታስገቡ ራሷ ትቃናለች።

የጎደለ ዕቃ ከየት ይገኛል?

እንግሊዝ አገር ለዚህ የታደለ ነው። ቦጊ ብቻ፣ ጣሪያ ብቻ፣ የበር እጀታ ብቻ የሚሸጡ ትንንሽ ሻጮች አሉ። ዳርት ካስቲንግስ ኤምጄቲ በሚለው ስም ለግሬስሊ ፉርጎዎች የሚሆኑ ብዙ ዕቃዎች ያቀርባል። ኤግዚቢሽን ላይ ደግሞ የተሰባበሩ ፉርጎዎች በርካሽ ይገኛሉ። ከሁለት ስብርባሪ አንድ ደህና ይወጣል።

ትንንሹን ነገር ራሳችሁ ሥሩት። የበር መያዣ ዘንግ ከ0.45 ሚሊሜትር የነሐስ ሽቦ ይታጠፋል። ቀዳዳው በ0.5 ፑንታ በእጅ ይበሳል። የባትሪ ሳጥን ከፕላስቲክ ቁራጭ ይሠራል። አንድ ደህና ዕቃ ካላችሁና አራት ከፈለጋችሁ፣ በሲሊኮን ቅርጹን አንስታችሁ በሬዚን ማባዛት ትችላላችሁ።

ወለሉ ላይ ነጭ ዱቄት አለ፣ ፉርጎውም ሆዱ ተነፍቷል። ምንድነው?

ይህን ጥያቄ በትልቁ ማስመር እፈልጋለሁ፤ ከፉርጎውም በላይ ጤናን ይነካልና። ድሮ ሞዴሉ ክብደት እንዲኖረው ትንንሽ የእርሳስ ጥይቶች ወለል ላይ ይደፉና ኮላ ይፈስባቸው ነበር። ኮላው ሲያረጅ አሲድ ይለቃል፤ ይህ አሲድ እርሳሱን ያጠቃዋል። እርሳሱ ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል፣ ዱቄቱም ከእርሳሱ ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛል። ሥራው ዓመታት ይፈጃል፣ ኃይሉ ግን የፉርጎ ወለል ይሰነጥቃል። የእኔ ፉርጎ ወለል መሃሉ ላይ እንደ እንጀራ ምጣድ ክዳን ከፍ ብሎ ነበር።

ዱቄቱ መርዝ ነው። አትንፉት፣ በደረቁ አትጥረጉት። ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ። ውሃ እየረጫችሁ በእንጨት ፈልቅቁት፣ በእርጥብ ወረቀት ጥረጉት፤ ሁሉንም በከረጢት አስራችሁ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል ቦታ አስረክቡ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቡና አይጠጣም። ልጆች ካሉ ክፍሉን ዝጉ።

ለአዲሱ ክብደት እኔ የብረት ብሎን ጭንቅላቶችን በኢፖክሲ አጣብቄያለሁ። እርሳስ የለም፣ ኮላም የለም። መጠኑን በተመለከተ ሠሪዎች ለእያንዳንዱ የመንኮራኩር ዘንግ 25 ግራም ይላሉ። አራት ዘንግ ያለው ፉርጎ 100 ግራም አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ክብደቱን ወደ ወለሉ አስጠጉት፤ ላዩ የከበደ ፉርጎ ይወዛወዛል።

ተሠርቶ አልቋል፣ ግን ከሐዲዱ ይወጣል። ምን ላድርግ?

በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ። አንደኛ፣ መንኮራኩሮቹ። የድሮዎቹ የፕላስቲክ ነበሩና ቆሻሻ ይይዛሉ፣ ክባቸውም የተዛባ ሊሆን ይችላል። 14 ሚሊሜትር የብረት መንኮራኩር፣ ጫፉ የሾለ 26 ሚሊሜትር ዘንግ ያለው ግዙ። የሁለቱ መንኮራኩሮች የውስጥ ርቀት በኦኦ 14.5 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን አለበት። በካሊፐር ለኩት። ከዚህ የጠበበ ወይም የሰፋ ከሆነ ሐዲድ መቀየሪያው ላይ ይዘላል።

ሁለተኛ፣ አራቱ መንኮራኩር ሐዲዱን ይነካሉ? ቦጊውን መስተዋት ላይ አስቀምጡና በጣታችሁ ጥግ ጥጉን ነካ ነካ አድርጉ። ቢወላገድ ቦጊው ተጣሞ ነው የተጣበቀው። የእኔ አንዱ ቦጊ እንዲህ ነበር። ፈትቼ መስተዋቱ ላይ እንደገና አጣበቅኩት።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ሁለቱም ቦጊዎች ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንዲወዛወዙ ከተደረገ ፉርጎው ይንጋደዳል። ሁለቱም ጠብቀው ከታሰሩ ደግሞ ሐዲዱ ትንሽ ሲዛባ መንኮራኩር ይነሳል። አንዱ ቦጊ ዞር ማለትና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማዘንበል ብቻ ይፈቀድለት። ሌላው ወደ ግራና ቀኝም ያዘንብል። እናቶቻችን ድስት የጣዱበት ጉልቻ ሦስት የሆነው በከንቱ አይደለም፤ ሦስት እግር ያለው ነገር የትም ይቆማል። ፉርጎውም ሦስት ነጥብ ላይ ሲያርፍ ይረጋል።

አራተኛ፣ ጥምዝ። ይህ ፉርጎ ረጅም ነው። የእንግሊዙ ሞዴል ባቡር አምራች ሆርንቢ የሚሸጠው ጠባቡ ጥምዝ ሐዲድ ራዲየሱ 371 ሚሊሜትር፣ የቀጣዩ 438 ሚሊሜትር ነው። በጠባቡ ላይ መንኮራኩሩ ከመወጣጫ ደረጃው ወይም ከወለሉ ሥር ካሉት ዘንጎች ጋር ይጋጫል። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ጥምዝ ላይ አስኪዱት። በዚያው የጫፍ መጋጫዎቹ መሃል ከሐዲዱ 14 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ማለቱን እዩ። ያለዚያ ከጎረቤት ፉርጎ ጋር ሲቆም ወይ ያጎነብሳል ወይ ይንጠራራል።

መስኮቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጉምም ለብሷል። ይጸዳል?

የለም፣ አውጥታችሁ ቀይሩት። የድሮው ስስ ፕላስቲክ ሲያረጅ ይሸበሸባል። ጉሙ የሱፐር ግሉ ትነት ነው። 0.25 ሚሊሜትር ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቆርጣችሁ አስገቡ። በኮላ ወይም ለሞዴል መስኮት ተብሎ በሚሸጠው ማጣበቂያ ያዙት፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል። መስኮት የሚገባው ከቀለምና ከቫርኒሽ በኋላ ነው። ጣታችሁን እጠቡ፣ በወረንጦ ያዙ።

የየትኛውን ዘመን ቀለም ልቀባው?

ይህን የሚወስነው ፉርጎው ከየትኞቹ ባቡሮች ጋር እንዲሄድ እንደምትፈልጉ ነው። የግሬስሊ ድርጅት እስከ 1947 መጨረሻ ድረስ ራሱን ችሎ ነበር፤ ፉርጎዎቹም ቫርኒሽ የተቀባ የቲክ እንጨት መልክ ነበራቸው። ከ1948 ጀምሮ ባቡሩ ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ከ1949 ጀምሮ ረጃጅሞቹ ቀይና ክሬም ቀለም ተቀቡ፤ ከ1956 በኋላ ደግሞ ወደ ጠቆር ያለ ቀይ ተሻገሩ። በሩ ላይ የሚጻፈው የማዕረግ ቁጥርም ይለያል። በሰኔ 1956 ሦስተኛ ማዕረግ ስሙ ሁለተኛ ማዕረግ ተባለ። ስለዚህ በጠቆር ቀይ ፉርጎ ላይ 3 ቁጥር ካያችሁ ጠርጥሩ።

ለጽሑፉና ለቁጥሩ በ1950 የተቋቋመው የታሪካዊ ሞዴል ባቡር ማኅበር የሚያወጣቸው ተለጣፊዎች አሉ። ፕሬስፊክስ የሚባለው በጣት ተጭኖ ይጣበቃል፣ የጀርባው ወረቀት በውሃ ይለቃል። ሜዝፊክስ ደግሞ በአልኮል ነው የሚጣበቀው፤ ከባድ ቢሆንም ሲያልቅ ጠርዙ አይታይም።

የቲክ እንጨት መልክ እንዴት ይወጣል? ስቀባው ቡናማ ፕላስቲክ ነው የሚመስለው።

አንድ ቡናማ ቀለም ስለቀባችሁ ነው። እንጨት አንድ ቀለም የለውም። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ጎኑን በሙሉ አሸዋማ ቢጫ እቀባለሁ፤ የበሰለ የማሽላ ቂጣ መልክ ያለው። ሁለት ቀን አደርቀዋለሁ። ከዚያ ቀላ ያለ ቡናማ የሠዓሊ ዘይት ቀለም እወስድና ጠፍጣፋ ብሩሽ ላይ ትንሽ አድርጌ፣ ወረቀት ላይ ጠርጌ፣ ሊደርቅ የደረሰውን ብሩሽ በቀስታ እጎትታለሁ። ብሩሹ የተወው መስመር የእንጨቱ ክር ይሆናል። በአንድ ሳንቃ ላይ ክሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂድ።

ቁልፉ ሳንቃ ለሳንቃ መለያየት ነው። ግራ ያለው ቀላ ይበል፣ ቀጣዩ ማር ይምሰል፣ ሦስተኛው ይጥቆር። ልዩነቱ ግን ጥቂት ይሁን፤ ከአንድ ክንድ ርቀት ሲታይ አንድ ፉርጎ መምሰል አለበት። የሚያከፋፍሉትን ቀጫጭን ዘንጎች በመጨረሻ በቀጭን ብሩሽ ለብቻቸው ትነካላችሁ። ሲደርቅ ጠብታ ቡናማ የተጨመረበት የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይደረብበታል። ቫርኒሹ ሲገባ ቢጫው ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ እንጨቱም ይወጣል። ሁልጊዜ ይህን ቅጽበት እጠብቃለሁ።

እውነተኛውን ማየት የሚተካው ነገር የለም። ሴቨርን ቫሊና ሰሜን ዮርክሻየር ሙርስ በሚባሉት የቅርስ ባቡር መስመሮች ላይ የታደሱ የቲክ ፉርጎዎች አሉ። ጠዋትና ከሰዓት አይታችሁ አወዳድሩ፤ መልካቸው ከብርሃኑ ጋር ይለወጣል። ድርጅቱ ራሱ ጎናቸው ብረት የሆኑ ፉርጎዎችን ቲክ እንዲመስሉ በብሩሽ ያስቀባ ነበር። የእኛም ሥራ ያው ነው፣ በ76 እጥፍ ያነሰ።

ኪቱ የብረት ከሆነስ?

የነሐስ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። የተበየደ ነገር እንደገና ሲሞቅ ይለቃል፣ ስለዚህ ሁሉም ስህተት ይመለሳል። የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት መበየጃና ቀላጩን የሚመጥ የመዳብ ጥልፍ ይበቃል። ኪቱ በቀላሉ ከሚቀልጠው ነጭ ብረት የተሠራ ከሆነ ግን በመበየጃ ጫፍ ራሱ ይቀልጣል። እሱን በፈላ ውሃ ሞክሩት። ኢፖክሲ በፈላ ውሃ ይለሰልሳል። በ70 ዲግሪ በሚቀልጠው የብየዳ ቀላጭ ተበይዶ ከሆነም እዚያው ይበታተናል።

አዲስ አበባ ወስጄ እዚያ ልጨርሰው? የለገሃርን ፉርጎ ማድረግስ ይቻላል?

ኪቱን መውሰድ ችግር የለውም። ማጣበቂያ ፈሳሽ፣ የዘይት ቀለም፣ ቲነርና አይሶፕሮፒል ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአውሮፕላን ሻንጣ አይሄዱም። ፕላስቲኩን የሚያዋሕደውን ሥራ ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱ። ለቀሪው ኮላ፣ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀትና በውሃ የሚቀጥን ቀለም እዚያ አለ። የፋርማሲ 70 በመቶ አልኮልም ቀለም ያለሰልሳል፣ ትንሽ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።

የለገሃሩ ጉዳይ ይለያል። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የድሮው መስመር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው። የእንግሊዙ 1435 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የግሬስሊን ፉርጎ ቀለም ቀይራችሁ የለገሃር ልታደርጉት አትችሉም፤ ቁመናው ሁሉ ሌላ ነው። በ1 ለ 87 ልክ አንድ ሜትር 11.5 ሚሊሜትር ይመጣል። የሜትር ሐዲድ የሚሠሩ ሰዎች በዚያ ልክ 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ይጠቀማሉ። ልባችሁ እዚያ ከሆነ ከዚያ ተነሱ። ፎቶና ልኬት ሰብስቡ፣ ጎኑን ከፕላስቲክ ሉህ ራሳችሁ ቁረጡ። እኔም አንድ ቀን የማደርገው ነው።

የመጀመሪያው ሰው የሠራውን ሁሉ ላፍርሰው ወይስ ልተወው?

ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው። አዲስ ሰው ሁሉንም ማፍረስ ይፈልጋል። እኔም በመጀመሪያው ኪቴ ያደረግኩት ያንን ነው፤ ደህና የነበረውን ጎን ሳላቅቅ ሰበርኩት። አሁን ሦስት ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። መሮጥ ይከለክለዋል? ሌላ ዕቃ እንዳይገጠም ያግዳል? ከአንድ ክንድ ርቀት ዓይን ይወጋል? ሦስቱም "አይ" ከሆነ አልነካውም።

በእኔ ፉርጎ ላይ የተገለበጠው ጫፍ፣ የተጣመመው ቦጊና እርሳሱ መውጣት ነበረባቸው፤ ወጡ። የመንገደኛ ክፍሎቹን መከፋፈያ ግን ሰውየው ከፖስታ ካርድ ነው የቆረጣቸው። አንዱ ላይ የባሕር ዳርቻ ሰማያዊ ቁራጭ ይታያል። ኪቱ ውስጥ የመጡትን የፕላስቲክ መከፋፈያዎች ማስገባት እችል ነበር። ተውኳቸው። ቀጥ ብለው ተቆርጠዋል፣ ልካቸውም ትክክል ነው፤ ከውጭ ደግሞ አይታዩም። የግራው ጎን ከወለሉ ግማሽ ሚሊሜትር ወጣ ብሏል። እሱንም ተውኩት።

ጣሪያው ውስጥ በመጻፊያ እርሳስ የተጻፈ አንድ ፊደል አለ፤ ግራ ለማለት የጻፈው ምልክት ነው። ከእሱ አጠገብ በዚያው ዓይነት እርሳስ ሥራውን የጨረስኩበትን ወርና ዓመት ጻፍኩ። ጣሪያውን አላጣበቅኩትም። በሁለት ትንንሽ ብሎን ነው የያዝኩት፣ ከወለሉ ሥር ይፈታሉ።